ባሕሩ ላይ የቆመው የአያታችን ማማ

ሮዛሪዮ፣ አርጀንቲና
ኦገስት 2 ቀን 1958

ለተከበርሽው የአክስቴ ልጅ ለኤርሲሊያ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺንም ባልሽን ሳባቲኖንም በጤና ያግኛችሁ። ቅዱስ ቪቶ ደጃችሁን ይጠብቅ። እኛ እዚህ ከደረቴ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ደረቴን የእንጨት ብናኝ ጨርሶታል። ሐኪሙ መርከብ የሚባል ነገር እንዳታስብ ብሎኛል፤ እንግዲህ ያን ባሕር ዳግመኛ በዓይኔ አላየውም ማለት ነው።

እኔ የማላየውን ግን ልጄ ልታየው ነው። ኔሊዳ በመጪው ማርች ታገባለች። እጮኛዋ ጥሩ ልጅ ነው፤ ሰዓት ይጠግናል፤ ብዙ አይናገርም። እሷ ግን “ቅድመ አያቴ የሠራውን የባሕር ማማ ሳላይ አላገባም” ብላ ድርቅ አለች። ጥፋቱ የኔ ነው። ሕፃን ሳለች ምሳ አልበላ ባለች ቁጥር፣ ያ ማማ በግራር እግሮቹ አለቱ ላይ ቆሞ፣ ረጃጅም ግንዶቹን ወደ ባሕሩ ዘርግቶ፣ መረቡን እንዴት እንደሚያወርድ እያወራሁ ነበር የማጎርሳት። አሁን የመርከብ ቲኬቷን ቆርጣለች። በሴፕቴምበር መጨረሻ ከቦነስ አይረስ ትነሣለች።

ሳባቲኖ መዘውሩን አስይዞ መረብ ያስወርዳት። እኔን ያስተማረኝ በጥፊ ነበር፤ እሷን በጥፊ እንዳይሞክራት ንገሪው፤ መልሳ ትመታዋለች።

ስለ ኤልዮ ምንም አዲስ ቃል የለኝም። ልጅሽን ያ የቤልጂክ ማዕድን ጉድጓድ ከበላብሽ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ እኔም በየእሑዱ ሻማ አበራለታለሁ። ላለፈው የገና ደብዳቤዬ መልስ ስላልጻፍሽልኝ አልተቀየምኩም። አሁን ግን ጻፊልኝ። ምን ትፈልጋላችሁ? በልጄ እጅ ምን ልላክ?

አክባሪሽ ፓንፊሎ


ፑንታ ሳሊና
ኦገስት 24 ቀን 1958

ለወንድሜ ለፓንፊሎ፣

እመቤታችን ለደረትህ ምሕረቷን ትላክልህ። ለሚስትህና ለልጅህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። እኛ ደህና ነን። የወይራው ፍሬ ዘንድሮ ጥሩ ነው። የጎረቤታችን የማሪያንጄላ ቤት ጣራው ተጠግኖ አልቋል።

ልጅህ ትመጣለች ማለትህ አስደስቶኛል። ግን ወንድሜ፣ ለምን በኦክቶበር? ሰው አገሩን የሚያየው በጁን ነው። በጁን አሳውም አለ፤ ባሕሩም እንደ ሳህን ነው። ኦክቶበር ላይ ደመናና ጭቃ እንጂ ሌላ ምን ታያለች? እስከ ሠርጓ ትቆይና ከባሏ ጋር ብትመጣ አልጋዬን ለቅቄላቸው ወጥ ቤት እተኛለሁ።

ስለ ማማው ብዙ አትንገራት። አርጅቷል። ከበስተደቡብ የድንጋይ ግድብ ባሕሩ ውስጥ ከሠሩ ወዲህ ማዕበሉ አመጣጡን ቀይሯል። ድሮ ከፊት ነበር የሚመታው፤ አሁን ከጎን ገብቶ ከሥር ነው የሚያጥበው። የነ ቼዛሬ ማማ በማርች ወድቋል። ደግነቱ ሰው አልነበረበትም።

ሳባቲኖ ደህና ነው። ምግብ ይቀንሳል እንጂ ደህና ነው። ሰላምታህን ነግሬዋለሁ።

ምንም አያስፈልገንም። ምንም አትላክ።

እህትህ ኤርሲሊያ


ሮዛሪዮ
ሴፕቴምበር 10 ቀን 1958

ለእህቴ ለኤርሲሊያ፣

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ለኔሊዳ ስለ ጁን የጻፍሽውን አነበብኩላት። “አባዬ፣ ጁን ላይ ባሌ ካልሲ የምታጥብለት ሚስት ይፈልጋል” አለችኝ። ምን ልበላት? የአያታችን ግትርነት እኔን ዘሎ እሷ ላይ ነው ያረፈው።

ማማው አርጅቷል አልሽ። መች አርጅቶ ያልነበረበት ጊዜ አለ? እኔ ልጅ ሳለሁም አርጅቶ ነበር። በየዓመቱ አንድ እግር ይቀየራል፣ ሽቦው ይጠብቃል፣ ያልቃል ሥራው። ምንም አትላክ ብትይም ከፋብሪካ የወጣ ሽቦ፣ ዝገት የማይነካው፣ በኔሊዳ ሻንጣ አስገብቻለሁ። እጇም አናጢ ነው፤ ከኔ ጋር ነው ያደገችው።

ይህን ለሳባቲኖ አንብቢለት፦ “አንተ በቅሎ፣ ስንት ዘመን ሙሉ አንድ ቃል አልላክህልኝም። እኔ እዚህ የወንዝ ጀልባ ስጠግን አንተ የጨው ውኃ ንጉሥ ሆነህ ተቀምጠሃል። ልጄን ሙሌት የሚባለውን አሳ፣ ትልቁን፣ አሲዛት። ትንሽ ከያዘች ስሜን ታጠፋለህ።”

ሲስቅ እንዴት እንደሳቀ ጻፊልኝ።

ፓንፊሎ


ፑንታ ሳሊና
ሴፕቴምበር 23 ቀን 1958

ለወንድሜ ለፓንፊሎ፣

እግዚአብሔር ልብህን ያደላድለው፤ የምጽፍልህ ቀላል ነገር አይደለምና። መልእክትህን አነበብኩለት። አልሳቀም። “ልጅቷ አትምጣ” ብቻ አለ።

ባለፈው የጻፍኩልህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም። ሳባቲኖ ከፋሲካ ወዲህ ቤት አያድርም። ማማው ላይ ካለችው ጎጆ ነው የሚተኛው። ምግብ ይዤለት እወርዳለሁ፤ ከሳንቃው ድልድይ ጫፍ ይቀበለኛል፤ እንድገባ አይፈቅድም። መጀመሪያ ሐዘን ነው አልኩ። ሰው በፈለገው ቦታ ይዘን ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት ቼዛሬ መጣና፣ “ኤርሲሊያ፣ ባልሽ ምን እየሠራ ነው?” አለኝ።

“ይጠግናል” አልኩት። ግንድ ሲሸከም፣ ጉጠት ይዞ እግሮቹ ላይ ሲንጠለጠል ከላይ አየው ነበርና።

“ሲጠግንስ አላየሁትም” አለ ቼዛሬ። “በጀልባ በሥሩ አልፌ ነበር። ሽቦውን እየፈታ ነው።”

ወረድኩ። ሳባቲኖ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄዶ ስለነበር ገባሁ። እውነቱን ነው፤ ከበስተሰሜን ያሉት እግሮች ከአለቱ ጋር የታሰሩበት ሽቦ የለም። ተጠቅልሎ ጎጆው ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ዝገቱ እንኳ ተጠርጓል።

ስጠይቀው “ሊቀየር ነው” አለኝ። አልቀየረውም።

ፓንፊሎ፣ ልጅህን አትላካት። በምንም ሰበብ አስቀራት። የምለምንህ ይህንን ብቻ ነው። ለሱ ደግሞ አንተ ራስህ ጻፍለት፤ ወደ ቤትህ ውጣ በለው። የኔን ቃል አይሰማም።

ኤርሲሊያ


ሮዛሪዮ
ኦክቶበር 7 ቀን 1958

ኤርሲሊያ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰ። ኔሊዳ ከተነሣች ሰንብታለች። አሁን የቱ ባሕር ላይ እንዳለች አላውቅም።

ወደ መርከብ ቢሮው ሮጬ ሄድኩ። ደረጃው ላይ ትንፋሼ ተቆርጦ አንዲት ሴት ወንበር ሰጠችኝ። ቴሌግራም ወደ መርከቡ ይደርሳል አሉኝ። “ወደ ማማው አትሂጂ፤ ኔፕልስ ቆዪ፤ አባትሽ” ብዬ ላክሁ። መልስ የለም። እሷን ታውቂያታለሽ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አታውቂያትም። ሂጂ ካልሽው ቦታ ትቀራለች፤ አትሂጂ ካልሽው ቦታ ትገኛለች። ይህን ያሰብኩት ብሩን ከፍዬ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ኦገስት ላይ ለምን አልነገርሽኝም? ስለ ወይራ ጻፍሽልኝ። ስለ ጣራ ጻፍሽልኝ።

ለሳባቲኖ ምን ብዬ ልጻፍለት? ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ፤ አንድ ቃል አልመጣልኝም። “ወንድሜ፣ ውጣ” በይልኝ። ሌላ አላውቅም።

እግዚአብሔር ሁላችሁንም ይጠብቅ። በፍጥነት ጻፊልኝ።

ፓንፊሎ


ፑንታ ሳሊና
ኦክቶበር 20 ቀን 1958

ለወንድሜ ለፓንፊሎ፣

ቅድስት ድንግል ታጽናናህ። ልጅህ በሰላም ደርሳለች፤ መጀመሪያ ይህን እወቅ። ከአንተ እስካሁን መልስ አላገኘሁም፤ የኔን ደብዳቤ ግን እንዳገኘህ አውቄያለሁ፤ ኔሊዳ ቴሌግራምህን አሳይታኛለችና። ከባቡር ስትወርድ ኮት ኪሷ ውስጥ ነበር። “አክስቴ፣ አባዬ ምን ነካው?” አለችኝ። የነካውን ነገርኳት። ሁሉንም። ሰምታ ስትጨርስ፣ “ጫማ አላችሁ? ይህ የኔ ያንሸራትታል” አለች።

ልከለክላት ሞክሬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስነሣ አልጋዋ ባዶ ነው። ሮጬ ብወርድ ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆማለች፤ ሳባቲኖ ደግሞ ከወዲያኛው ጫፍ።

“የፓንፊሎ ልጅ ነሽ” አለ። “አፍንጫሽ ከወዲህ ይታወቃል።”

“አጎቴ፣ የርስዎም ቢሆን የሚደበቅ አይደለም።”

ፓንፊሎ፣ ሳቀ። ኤልዮ ከሞተ ጀምሮ ያላየሁትን ጥርስ አየሁ። አስገባት። እኔንም፣ “ምን ትገተሪያለሽ፣ ግቢ እንጂ” አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትወርዳለች። መዘውሩን ትገፋለች፤ መረብ ታወርዳለች፤ ሙሌትም ይዛልሃለች፤ ትልቅ ነው፤ ስምህ አልጠፋም። እሑድ ዕለት ሳባቲኖ ቤት ወጥቶ ከኛ ጋር የአሳ ሾርባ በላ። ዳቦውን ሾርባው ውስጥ እየነከረ ስለ አያታችን ሲያወራ፣ ይኸው አለፈ ብዬ እመቤታችንን አመሰገንኩ።

ግን ሁሉንም እጽፍልሃለሁ ብያለሁ። ማክሰኞ ዕለት ሦስታችን ማማው ላይ ተቀምጠን ማዕበሉ ከሥር ሲመታ ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

“ይህ ነገር ይወድቃል?” አለችው ኔሊዳ።

“ይወድቃል።”

“መቼ?”

“ሲደክመው።”

“ታዲያ እርስዎ ለምን እዚህ ይተኛሉ?”

“ብቻውን እንዳይወድቅ ነዋ” አለ፤ እንደ ቀልድ። እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

አንተ የላክኸውን ሽቦ ይዛ የሰሜኖቹን እግሮች አንድ ቀን ሙሉ እስከ ወገቧ ረጥባ አሰረች። ሳባቲኖ አልከለከላትም፤ አላገዛትምም። በማግስቱ ስንወርድ ተፈትቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

“ሽቦውን ማን ፈታው?” አለች።

“ባሕሩ።”

“ባሕር ሽቦ ጠቅልሎ ሚስማር ላይ ይሰቅላል?”

ሳባቲኖ አሳ መጥረጉን ቀጠለ። እሷም ሽቦውን ከሚስማሩ አውርዳ እንደገና ማሰር ጀመረች። እንዲህ ሆነው ሰንብተዋል፤ ታስራለች፤ ይፈታል። እርስ በርስ አይቆጡም። በመካከሉ ቀልድ ይወራወራሉ። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

ሂጂ ብላት አትሰማኝም። “እስኪተወው ድረስ ነኝ” ትላለች። አንተ እዘዛት።

ኤርሲሊያ


ሮዛሪዮ
ኦክቶበር 29 ቀን 1958

ለእህቴ ለኤርሲሊያ፣

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ለኔሊዳ የተጻፈ ሌላ ወረቀት አለ። ስጫት። አባትሽ ታሟል፤ ባስቸኳይ ነይ ይላል። ውሸት አይደለም፤ ከዚያ ቴሌግራም ወዲህ አልጋ ላይ ነኝ። ግን ካለው አብልጬ ነው የጻፍኩት።

ለመጀመሪያው መርከብ ቲኬት በኔፕልስ አዝዣለሁ። ኖቬምበር 20 ይነሣል። እስከዚያ ቤት ቆልፊባት።

ባለፈው ስለ ወይራውና ስለ ጣራው የተናገርኩሽን እርሺው። ፈርቼ ነው።

ፓንፊሎ


ፑንታ ሳሊና
ኖቬምበር 14 ቀን 1958

ለወንድሜ ለፓንፊሎ፣

ኔሊዳ በሕይወት አለች፤ ደህና ናት፤ አጠገቤ ልብሷን እያጣጠፈች ነው። ይህን አስቀድመህ አንብብ፤ ከዚያ ተቀመጥ።

ሳባቲኖ የለም።

ቅዳሜ ዕለት ነው። ደብዳቤህ ዓርብ ደርሶ ነበርና ኔሊዳ አንብባ አልቅሳ፣ ልትሄድ ተስማምታ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የሰሜኑ ነፋስ ተነሣ። ምሳ ላይ ከመስኮቱ ስናይ ባሕሩና ሰማዩ አንድ ቀለም ሆነዋል። ሳባቲኖ ለምሳ አልመጣም።

ወረድን። ድልድዩ ወደ ጎን ይወዛወዛል። ማማው ግን እንዳለ ነው፤ ልጅህ ያሰረችው ሽቦ እንዳልተፈታ ከአለቱ ላይ ሆኜ አየሁ። ለካ በዚያች ቀን አልፈታውም ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ተጣራሁ። ሰማኝ፤ ከጎጆው ብቅ ብሎ መንገድ ላይ እንዳገኘሁት ሰው እጁን አነሣልኝ። ተመልሶ ገባ።

ኔሊዳ ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን ይዤ “አይሆንም” አልኳት።

“አክስቴ፣ ለኔ ሲል ይወጣል” አለችኝ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀች፤ ሄደች።

እዚያ የተባባሉትን በኋላ ነገረችኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር አሉ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

“አንቺ ልጅ፣ ውጪ።”

“አብረን ነው የምንወጣው።”

“ልታገቢ አይደለም እንዴ?”

“እርስዎ ከወጡ አገባለሁ።”

ሰደባት። አንተን ሰደበ። አርጀንቲናን በሙሉ ሰደበ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። ከማማው እግሮች አንዱ ሲሰበር ድምፁን እኔም ከአለቱ ሰምቼዋለሁ። በዚያን ጊዜ ተነሣና ገመድ አምጥቶ ወገቧን አሰረ፤ ሌላውን ጫፍ ወገቡ ላይ ቋጠረ። እሱ ፊት፣ እሷ ኋላ ሆነው ድልድዩን ጀመሩ። መካከል ላይ ሳንቃው ከሥሯ ሄደ። በገመዱ ጎትቶ አነሣት። ያ ሽማግሌ እንዲያ ያለ ጉልበት ከየት እንዳገኘ አትጠይቀኝ።

ደረሱ። ልጅቷን እንደ ያዝኳት አለቱ ላይ ወደቅን። ቀና ስል ሳባቲኖ ገመዱን ከወገቡ እየፈታ ነው።

“መረቡ ወርዷል” አለኝ። “መረብ እንደ ወረደ አይተውም።”

“ተወው፣ ሳባቲኖ።”

የራስ ሻሼን ነፋሱ ወደ ኋላ ጥሎት ነበር። ከአገጬ ሥር ቋጠረልኝ። ጥሩ አድርጎ ቋጠረው። ከዚያ ሄደ። በሁለት እጄ የያዝኩት ልጅህን ነው፤ ብለቃት ተከትላው ትገባለች። ሁለቱን መያዝ አልቻልኩም፣ ፓንፊሎ።

መዘውሩን ሲገፋ አየሁ። መረቡ ከባሕሩ ወጣ፤ ባዶ ነበር፤ እስከ ላይ ደረሰ፤ አሰረው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ቄሱም ሲጠይቁኝ፣ “መረቡን ሊያነሣ ተመለሰ” አልኳቸው። በመስቀሉ ፊት ደግመው ጠየቁኝ፤ ደግሜ ያንኑ አልኩ። አልዋሸሁም። አስከሬኑን ባሕሩ በሁለተኛው ቀን አሸዋው ላይ አወጣው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከኤልዮ ጎን ተቀብሯል።

ለቄሱ ያልነገርኳቸውን ላንተ ልንገርህ፤ አንድ ሰው ከኔ ጋር ቢያውቀው ይሻላል። መረቡን ካሰረ በኋላ ድልድዩ ገና ቆሞ ነበር። ጊዜ ነበረው። ገመዱ ደግሞ እኔ እግር ሥር ነበር፤ ይዞት አልሄደም። ሳባቲኖ ወደ ድልድዩ አልመጣም። ጎጆው ደጃፍ ላይ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፤ ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው። ከዚያ የሰሜን እግሮች ሄዱ፤ ማማውም እሱን እንደያዘ ተከተላቸው።

ኔሊዳ ይህን አላየችም። ፊቷን ደረቴ ውስጥ ደብቄው ነበር። እንደዚያ ይመስለኛል።

ስትመጣ ብትጠይቅህ መልሱን ታውቃለህ። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

ኤርሲሊያ


ሮዛሪዮ
ዲሴምበር 15 ቀን 1958

ለእህቴ ለኤርሲሊያ፣

ለሳባቲኖ የዘላለም ዕረፍት፣ ላንቺ መጽናናት ከላይ ይምጣልሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልስ ያዘገየሁት ልጄን በዓይኔ እስካያት ነው። ሰኞ ዕለት ወደብ ላይ ተቀበልናት። ከስታለች። እጇ ላይ የሽቦ ጠባሳ አለ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አንቺም ነግረሽኛልና። ልጄ በሕይወት እንዳለች የጻፍሽበት ቦታ ስደርስ ሳቅኩ። ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት፤ ሚስቴ ከጓሮ ሮጣ መጣች። ከዚያ ነው ቀጣዩን መስመር ያነበብኩት። ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እዚህ ክፍል አለ። ነይ ማለቴ ነው። እንደማትመጪ አውቃለሁ፤ ግን ከመጣሽ አልጋው የተነጠፈ ነው።

ትናንት የእጮኛዋ ቤተሰቦች ሊጠይቋት መጥተው ነበር። ምግቡ ቀርቦ ሳለ ሁሉን አወራችላቸው፤ ድልድዩን፣ ገመዱን፣ ሳንቃው ከሥሯ ሲሄድ እንዴት እንዳነሣት። የልጁ እናት በጨርቅ ዓይኗን እየጠረገች፣ “ታዲያ ከወጣ በኋላ፣ በእግዚአብሔር፣ ለምን ተመልሶ ገባ?” አለች።

ኔሊዳ ማንኪያዋን አስቀምጣ ወደኔ ዞረች። ቤቱ ሁሉ ወደኔ ዞረ።

“መረቡ ወርዶ ነበር” አልኩ። “የኛ አገር ሰው መረብ እንደ ወረደ አይተውም።”

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ ያለ ትጉህ ሰው ነበር እንዴ አለች። አዎ፣ ነበር አልን። ኔሊዳም “አዎ” አለች፤ ግን ለረጅም ጊዜ ዓይኗን ከዓይኔ ላይ አላነሣችም። በኋላ ተነሥታ ሳህኖቹን ሰበሰበች።

ወንድምሽ ፓንፊሎ